የሳውዝ ካሮላይና ሴቶች ቅርጫት ኳስ፦ ትኬቱ ዋጋውን ያወጣል?

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ያለው ኮሎኒያል ላይፍ አሬና 18,000 ወንበር አለው፤ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ሲጫወቱ ሊሞላ የሚቀረው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ትኬት የሚቆርጠው በ2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ ሲወስድ 38 ተጫውቶ 38ቱንም ያሸነፈውን ዓይነት ቡድን አያለሁ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ዓመት በየጊዜው አይገኝም። በእኛ ግምት ገንዘቡ የሚወጣለት ነገር ሌላ ነው፦ አሰልጣኝ ዶውን ስቴሊ ጨዋታው ሲበላሽባት የምታደርገው።

በዚሁ ውድድር የ2023 ግማሽ ፍጻሜ፣ እስከዚያ ሽንፈት ያልቀመሰው ቡድን በአይዋ ዩኒቨርሲቲ 77 ለ 73 ተረታ። አይዋ የሳውዝ ካሮላይናን ኳስ አከፋፋይ ሬቨን ጆንሰንን «ከፈለግሽ ወርውሪ» ብሎ ለቀቃት፤ ተከላካዮቹንም ቀለበቱ ስር ሰበሰበ። ሳውዝ ካሮላይና ከሶስት ነጥብ መስመር 20 ጊዜ ሞክሮ 4 ብቻ አገባ። ያ ዓመት ሲያልቅ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ሄዱ። ስቴሊ ከኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ቴ-ሂና ፓኦፓኦን አመጣች፤ ከሩቅ የምታስቆጥር ልጅ ሜዳ ላይ ካለች ማንም እሷን ትቶ በረጅሟ ካሚላ ካርዶሶ ላይ ለመደረብ አይደፍርም። በ2024 ፍጻሜ ያው አይዋ ገጠማት። አይዋ 10 ለ 0 መራ፤ ኮከቡ ኬትሊን ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ አስቆጠረች። በቀሩት ሶስት ሩቦች ግን 12 ብቻ ጨመረች። የሳውዝ ካሮላይና ተቀያሪዎች የአይዋን ተቀያሪዎች 37 ለ 0 በለጡና ጨዋታው 87 ለ 75 አለቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ደጋፊው ያንኑ ጠበቀ። ካርዶሶ የለችም (2.01 ሜትር ቁመት በአንድ ክረምት አይተካም)፤ ጥር ላይ ደግሞ አሽሊን ዋትኪንስ ጉልበቷን ተጎዳች። የካቲት ላይ ዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) በዚሁ አዳራሽ 87 ለ 58 አሸንፎ 71 ጨዋታ የዘለቀውን የሜዳ ላይ አለመሸነፍ ሰበረ። ያኔ የተነሳው «ብዙ ነጥብ የምታስቆጥረው ጆይስ ኤድዋርድስ ለምን ከተቀያሪ ወንበር ትነሳለች?» የሚለው ቅሬታ አላሳመነንም። ተጋጣሚ ሲደክም ትኩስ እግር ማስገባት የስቴሊ ዋና መሣሪያ ነው። ቴክሳስም በየካቲት 66 ለ 62 ካሸነፋት በኋላ በኮንፈረንሱ (ሁለቱም ባሉበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ፍጻሜ 64 ለ 45፣ በሀገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ 74 ለ 57 ተረታ።

እንከንም አለ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነበር የሚነቃው። የሩቅ ውርወራው ሲደርቅ ደግሞ የቀረው ዘዴ የሳቱትን ኳስ ታግሎ መልሶ መያዝ ነበር፤ ቁመት ሲጎድል ይህም ይከሽፋል። በ2025 ፍጻሜም ዩኮን 82 ለ 59 አሸነፈ።

ወንበር ስትመርጡ ከቀለበቱ ጀርባ ታች ከመቀመጥ በሜዳው መሃል ትይዩ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ ይሻላል፤ ማን ማንን እንደያዘ የሚታየው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ ሩብ 10 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በታች ከወረደ በኋላ ጨዋታው መጀመሪያ ሲቆም የቴሌቪዥን ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዕረፍቱ ማን እንደገባችና ክላርክን የመሰለች አስቆጣሪን የመያዙ ሥራ ወደ ማን እንደተዛወረ እዩ። ፋውልም ቁጠሩ፦ አንዲት ተጫዋች በአምስተኛው ትወጣለች፤ ቡድኑም በአንድ ሩብ አምስተኛውን ከሠራ ተጋጣሚው ሁለት ነጻ ውርወራ ያገኛል፣ የቡድኑ ቆጠራ በአዲስ ሩብ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሩቡ ሊያልቅ ሲል ስቴሊ ዋና ተከላካይዋን ብታስቀምጥ አትገረሙ።

የህዳርና የታህሳስ ጨዋታዎች ብዙዎቹ አሸናፊያቸው ገና በጊዜ የሚለይ ነው። ከአትላንታ በአይ-20 አውራ ጎዳና ሶስት ሰዓት ተኩል ለምትነዱ የጥርና የየካቲቱን የኮንፈረንስ ጨዋታ ጠብቁ። በ2024/25 መርሃ ግብር ከ15ቱ ተጋጣሚዎች ሁለት ጊዜ የሚገጥሙት አንዱን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጨዋታ ኮሎምቢያ ላይ ከወደቀ፣ ያንን ቁረጡ።