ለዩኮላ «ሙሉ ጥቅል» ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ወደ ፊንላንድ ሄዳችሁ በዩኮላ የኦሪየንቲሪንግ ቅብብል ለመወዳደር ያሰባችሁ ሁሉ፣ «ምዝገባ፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርትና ቪዛ በአንድ ክፍያ» ለሚላችሁ የጉዞ ወኪል ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኛ ሰባት ጓደኛሞች እያንዳንዳችን 1,450 ዩሮ ከፍለናል። በዚያ ገንዘብ ከገዛነው ውስጥ ግማሹ ከአዘጋጆቹ በቀጥታ የሚገኝ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ በወኪሉ እጅ የሌለ ነገር ነው።

ዩኮላ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቦታ እየቀያየረ የሚደረግ ውድድር ነው። ሰባት ሯጮች በየተራ ካርታና ኮምፓስ ይዘው፣ በካርታው ላይ የተመለከቱትን ነጥቦች እያፈላለጉ ለመሮጥ ደን ውስጥ ይገባሉ። ዱላ የለም፤ የሚቀባበሉት ካርታ ነው። ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት የአራት ሯጮች ቅብብል፣ ቬንላ፣ ቅዳሜ ቀን ላይ ይካሄዳል። ዩኮላ ግን የሚጀመረው ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ፈጣኖቹ ቡድኖች እሑድ ማለዳ ሲጨርሱ፣ እንደ እኛ ያለው ቡድን ገና ደን ውስጥ ነው። ሰዓቱን ልብ በሉልኝ፤ ክፉኛ የተጎዳነው በእርሱ ነውና።

ውሉ «ለውድድሩ ቦታ ቅርብ የሆነ ሆቴል፣ የደርሶ መልስ አውቶቡስ ጭምር» ይላል። ሆቴሉ 70 ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኘ። አውቶቡሱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አደረሰን፤ የመመለሻ ሰዓቱ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። የመጀመሪያው ሯጫችን ሊነሳ አንድ ሰዓት ሲቀረው አውቶቡሱ ባዶውን ተመልሶ ሄደ። ሌላ ጉዞ አልነበረውም። የከፈልንበት አልጋ ተነጥፎ እያደረ እኛ ሌሊቱን መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፈን አሳለፍን። የሰሜን አውሮፓ የሰኔ ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ባይሆንም ይበርዳል፤ በላብ የራሰ ሰው ደግሞ ወዲያው ይንቀጠቀጣል። እኔ አራተኛው ነበርኩ። ካርታውን ለአምስተኛው ሳቀብለው ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ካርታው ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከእኛ ጥቂት ርምጃ ርቀው የሌሎች አገር ሯጮች አዘጋጆቹ በሚያከራዩት ትልልቅ ድንኳን ውስጥ ተኝተው፣ ተራቸው ሲደርስ እየተቀሰቀሱ ይወጡ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የመኝታ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ይቻል ኖሯል! በሌሊት ቅብብል የሚያስፈልገው ማረፊያ ይኸው ነው፤ የሩቅ ሆቴል አይደለም።

የምዝገባው ነገር ደግሞ ይብሳል። ወኪሉ «የምዝገባ ክፍያ» ብሎ ከሰባታችንም ለየብቻ ተቀብሏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተሰጠን የአንዱ ሯጫችን የጊዜ መቆጣጠሪያ ካርድ ቁጥር ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ወደ መረጃ ድንኳኑ ሄድን። እዚያ የነበረችው በጎ ፈቃደኛ ቁጥሩን በደቂቃ ውስጥ አስተካከለችልን፤ በጨዋታ መካከልም ክፍያው የሚታሰበው በሰው ሳይሆን በቡድን መሆኑን ነገረችን። አንድ ቡድን፣ አንድ ክፍያ። እኛ ሰባት ጊዜ ከፍለናል።

ወኪሉ ቡድኑን ያስመዘገበው በራሱ ስም ስለነበር የሯጮቹን ዝርዝር እኛ መክፈት አንችልም ነበር። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት አንዱ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቱ ሲጎዳ፣ ወኪሉ ተተኪውን ለማስገባት 200 ዩሮ ጠየቀን። ከፈልን። የቡድኑ ተጠሪ እስከ ቀነ ገደቡ ድረስ የሯጮቹን ስምና ቅደም ተከተል ራሱ ማስተካከል እንደሚችል ያወቅነው ዘግይተን ነው።

«ከፊት ረድፍ የመነሻ ቦታ» በሚልም ከቡድኑ 300 ዩሮ ወስዷል። የመነሻ ቁጥር የሚደለደለው ባለፈው ዓመት በተገኘው ውጤት ነው፤ አዲስ ቡድን ከኋላ ይሰለፋል። ከሺህ በላይ ሯጮች በአንድ ጊዜ በሚለቀቁበት ውድድር ይህ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ስለዚህም ነው በቀላሉ የተታለልነው። «በውድድሩ ደን ልምምድ» የሚለው ተስፋ ደግሞ ከገንዘብም የከፋ አደጋ ነበረው። የውድድሩ ክልል አስቀድሞ ለተወዳዳሪዎች ይዘጋል፤ ብንገባበት ኖሮ ከውድድሩ ልንሰረዝ እንችል ነበር።

ለቪዛ ያዘጋጀልን «የግብዣ ደብዳቤ» ራሱ የጻፈው እንጂ ከአዘጋጆቹ የመጣ አልነበረም። ፊንላንድ ለመግባት የሚያስፈልገውን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ግዴታ ነው። ሁለቱንም ያለ ደላላ መጨረስ ትችላላችሁ። የግብዣ ደብዳቤ ካስፈለጋችሁ አዘጋጆቹን በቀጥታ ጠይቁ። በእኛ ውል ላይ በትንንሽ ፊደል «ቪዛ ቢከለከል ገንዘብ አይመለስም» የሚል አንቀጽ ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አትፈርሙ።

ጥቅል መግዛት የግድ ከሆነባችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ሆቴልንና ትራንስፖርትን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን አጣምሮ ለሚሸጥ ድርጅት ግዴታ እንደሚጥልበት እወቁ። ከውሉ በፊት የተጓዡን መብት የሚዘረዝር ቅጽ መስጠት፣ ቢከስር ገንዘባችሁ የሚመለስበትን ዋስትናም መያዝ አለበት። ቅጹን ጠይቁት። የእኛው «ቆይቶ ይላካል» አለን፤ ያኔ መነሳት ነበረብን። በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብም ገንዘብ አታስገቡ። በካርድ ብንከፍል ኖሮ ባንካችን ክፍያውን እንዲያስመልስልን መጠየቅ እንችል ነበር፤ እኛ ግን ሐዋላ ልከን ያን በር በእጃችን ዘጋነው።

ቲዮሚላ በሚባለው የስዊድን የኦሪየንቲሪንግ ውድድር ዋናው ቅብብል ላይ አሥር ሯጮች ስለሚሰለፉ፣ በየሰው የሚሰበሰበው የሐሰት ምዝገባ እዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ይሆናል። የቡድን መሪዎች፣ ክፍያውን ከውድድሩ ገጽ ላይ ራሳችሁ ተመልከቱ፤ የቡድኑ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በእናንተ እጅ ይሁን።

ወኪሉን በጽሑፍ ከጠየቅነው አራት ወር ሆኖናል። እስካሁን የመለሰልን ለስም መቀየሪያ የወሰደውን 200 ዩሮ ብቻ ነው።