«10 ሚሊ ግራም» የተባለው ብልቃጥ የያዘው 7 ነው፤ ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት አንብቡ

ወገኖች፣ ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው። የምርምር ፔፕታይድ (በብልቃጥ በዱቄት መልክ የሚሸጥ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) የምትገዙ ሁሉ እነዚህን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሁፍ አለ፤ እሽጉ ውስጥ ግን ለምርምር ብቻ ከተባለ ዕቃ ጋር ምንም የማያገናኘው የኢንሱሊን ሲሪንጅና «2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ ይህን ያህል ዩኒት ሳቡ» የምትል ካርድ ተቀምጠዋል። ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወዲያው ይመልሳሉ። ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚነግራችሁ አትሹም።

ከእነዚሁ ሻጮች ለአንዳቸው ከክፍያ በፊት የቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ሌብሉ ላይ ያለው 10 ሚሊ ግራም የተጣራ ፔፕታይድ ነው ወይስ የዱቄቱ ጠቅላላ ክብደት?» መልሱ በጽሁፍ መጣ፦ «ንጹህ 10 ነው፣ ንጽህናው 98 ከመቶ»። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የዚያው ባች (የአንድ ዙር ምርት) የትንተና ወረቀት ተጠየቀ፤ ከብዙ ጉትጎታ በኋላ ላኩት። ከላይ 98 ከመቶ በትልልቅ ቁጥር ተጽፏል። ወደ ታች ሲወረድ፣ ማንም እንዳያየው በደቀቀ ፊደል፣ «የፔፕታይድ ይዘት 71.4 ከመቶ» ይላል። ያ መስመር ተከቦ ተመልሶ ተላከላቸው። የሰጡት መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ «እሱ የተለመደ ነው። ስሌት የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም።» ከዚያ በኋላ መልእክት መቀበል አቆሙ።

ስሌት የሚያውቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው! ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። 98 ከመቶ የተባለው በኤችፒኤልሲ (የተቀላቀሉ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) የተለካ ንጽህና ሲሆን፣ ብርሃን ከሚመጥጡት ፔፕታይድ ነክ ነገሮች መካከል የተፈለገው ምን ያህሉን እንደሚይዝ ብቻ ይናገራል። ውሃና ጨው እዚያ መለኪያ ላይ አይታዩም። ዱቄቱ ሲመዘን ግን ሁለቱም ሚዛኑ ላይ አሉ፤ ይዘቱ 71.4 የሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሰራሽ ፔፕታይድ ሲጣራ የትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጨው ሆኖ ይወጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቀራል። ከእነዚህ ፔፕታይዶች አንዱን፣ ቢፒሲ-157ን ውሰዱ። የሞለኪውል ክብደቱ 1419.5 ገደማ ነው። አንድ ላይሲንና ነጻ የኤን ጫፍ (አሲዱ የሚጣበቅባቸው ሁለት ቦታዎች) ስላሉት እስከ 2 የአሲዱን ሞለኪውል ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ 114 ነው። 228 ሲደመርበት 1647.5 ይሆናል። እንግዲህ አንድም ቆሻሻ ባይኖርበት፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ባይኖርበት እንኳ፣ ከተመዘነው ዱቄት ፔፕታይዱ 86 ከመቶ ብቻ ነው። ይህን ያመጣው ኬሚስትሪው ስለሆነ ማንም ሻጭ አይወቀስበትም። ወንጀሉ ተጠይቆ እያወቁ «ንጹህ 10» ብሎ መጻፍ ነው።

አሁን ካርዱ የሚያደርገውን ተመልከቱ። 10 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር፣ 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዩ-100 ሲሪንጅ ላይ 100 ዩኒት 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ አንዱ ዩኒት 0.01 ሚሊ ሊትር ነው፤ በካርዱ ስሌት 50 ማይክሮ ግራም ይይዛል። እውነተኛው ስሌት ግን 10 ሲባዛ በ0.714 ሲባዛ በ0.98 ነው፤ ውጤቱ 7 ሚሊ ግራም። በ2 ሚሊ ሊትር ሲበጠበጥ 3.5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር፣ በዩኒት 35 ማይክሮ ግራም። ካርዱን ያመነ ሰው 250 ማይክሮ ግራም ለመለካት 5 ዩኒት ይስባል፤ እጁ ላይ ያለው 175 ነው። 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ለማግኘት መጨመር የነበረበት 1.4 ሚሊ ሊትር ነበር። ውሃው ከገባ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ያላችሁ አማራጭ በብልቃጡ ላይ 3.5 ብላችሁ ጽፋችሁ የምትስቡትን መጠን ማስተካከል ብቻ ነው።

የሚያበሳጨው ጉድለቱ በዚህ አለማብቃቱ ነው። ቀጣዩ ባች 85 ከመቶ ይዞ ቢመጣና ሁለቱም «10» ቢባሉ፣ ሴል ላይ በተደረጉት ሁለት ሙከራዎች መካከል የሚታየውን ልዩነት ሰው የሴሉ ጠባይ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። መጠኑ ሲጨምር ምላሹ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው ኩርባ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ስንትና ስንት ሥራ ይባክናል። በሞላር (በሊትር ባለው የሞለኪውል ብዛት) የምትሠሩማ ጉዳቱ በቀጥታ ይነካችኋል፦ 5 ሚሊ ግራም የተጣራ ቢፒሲ-157 በ2 ሚሊ ሊትር 1.76 ሚሊ ሞላር ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱን ይዛችሁ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር የወረቀት ላይ ቁጥር ነው።

ሌላው ነውር ሲሪንጁ ነው። ካርዱ የተሠላው ለዩ-100 ነው፤ እሽጉ ውስጥ የተቀመጠው ዩ-40። ዩ-40 ላይ 40 ዩኒት 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ አንዱ መስመር 0.025 ሚሊ ሊትር ነው። «10 ዩኒት» ያለው ካርድ 0.1 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው፤ በዚህኛው ሲሪንጅ 0.25 ይወጣል። 2 እጥፍ ተኩል! እዚህ ላይ ዩኒት የመድኃኒት ኃይል መለኪያም፣ የክብደት መለኪያም አይደለም፤ ሲሪንጁ ላይ ያለ የመጠን መስመር ነው። ስንት ውሃ እንደገባ ሳይነገር «10 ዩኒት» ብቻ ማለት ትርጉም የለውም፦ 5 ሚሊ ግራም የተጣራ ፔፕታይድ በ1 ሚሊ ሊትር ከተበጠበጠ 10 ዩኒቱ 500 ማይክሮ ግራም ነው፣ በ2 ከተበጠበጠ 250። ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ማስጠንቀቂያ በብልቃጥ የተቀመመ ሴማግሉታይድ (ለስኳር በሽታና ለክብደት መቀነሻ የሚሰጥ መድኃኒት) ሲለኩ ዩኒት፣ ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር ተምታቶባቸው ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ስለወሰዱ ሰዎች የሚናገር ነው። እነዚያ በሐኪም ትእዛዝ የተሰጡ ነበሩ። ይሄኛው ሻጭ «ለምርምር ብቻ» ብሎ ጽፎ ሲሪንጅ ይጨምርበታል።

ብልቃጡ ሙሉ ስለመሰለ አትጽናኑ። ዱቄቱን ወፍራም የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ ማኒቶል የሚባል መሙያ ነው፤ የጉብታው መጠን ስለ ፔፕታይዱ ምንም አይነግራችሁም። ለውሃውም ቢሆን «ማንኛውም ንጹህ ውሃ ይሆናል» ይላሉ። አይሆንም። ባክቴሪዮስታቲክ (ባክቴሪያ እንዳይራባበት የተዘጋጀ) የሚባለው ውሃ 0.9 ከመቶ ቤንዚል አልኮል አለበት፤ ሴል ላይ የሚሠራ ሰው አልኮሉን የያዘ ማነጻጸሪያ ከሌለው ያየው ነገር የማን እንደሆነ አያውቅም። ፔፕታይዱ ውሃ ጠል ከሆነ ደግሞ ውሃ ብቻውን አይበቃውም፤ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጠባይ ላለው ቀጭን አሴቲክ አሲድ ይሻላል። ደመና ወይም ክር የመሰለ ነገር የሚታይበት ብጥብጥ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል፣ የተጻፈውን መጠን አልያዘም፤ የቀረው ታች ተቀምጧል። ውሃው በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ብልቃጡ ይሽከረከር እንጂ አይናጥ።

ስታቀጥኑም «1 ለ50» በሚል አነጋገር አትመኑ። ለአንዱ 1 ሲደመር 50 ነው፣ ለሌላው ከ50 አንዱ። 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ካለው ወደ 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ለመውረድ 0.1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 4.9 ትጨምራላችሁ፤ ድምሩ 5 ነው። 5 ብትጨምሩ ድምሩ 5.1 ይሆናል። ሚሊ ግራሙን መጀመሪያ በ1000 አባዝታችሁ ወደ ማይክሮ ግራም ለውጡ፤ ነጥብ ከመሃል የምትጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የብልቃጡ ባች ቁጥር ያለበትን ወረቀት ጠይቁ፣ ከንጽህናው ሌላ የይዘቱን መስመር ፈልጉ፤ በአሚኖ አሲድ ትንተና ወይም በናይትሮጅን ልኬት የተገኘ መሆን አለበት። ወረቀቱን «በኋላ እንልካለን» ካሉ አትግዙ። ካርዱን ጣሉት። እሽጉ ውስጥ የመጣውንም ሲሪንጅ አትጠቀሙበት። ከእንዲህ ያለ ብልቃጥ የወጣ ነገር ወደ ማንም ሰው ሰውነት አይግባ፤ ምን ያህል እንደያዘ የሸጠው ሰው ራሱ በእውነት አልነገራችሁም።