የጸደይ አበባ ሽንኩርት ስትገዙ ከሥዕሉ በፊት ራሱን እዩ

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ ሆናችሁ ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን አንብቡልኝ። ሴፕቴምበር ገባ ማለት የአትክልት ሱቆች በር ላይ የአበባ ሽንኩርት ከረጢት ተደረደረ ማለት ነው፤ አፈር ውስጥ ተቀብሮ በጸደይ የሚያብበው ሽንኩርት መሳይ ራስ፣ በእንግሊዝኛ በልብ (bulb) የሚባለው። ቱሊፕ አለ፣ ዳፎዲል አለ፣ ሃያሲንት አለ፣ ክሮከስ አለ። ሥዕሉ ያማልላል። እኔ ከትልልቆቹ የመጋዘን ሱቆችም፣ ከሰፈር ችግኝ ቤትም፣ በኢንተርኔትም ገዝቼ ተክያለሁ፤ ስለዚህ ፍርዴን መጀመሪያ ላይ ልንገራችሁና ምክንያቱን ከዚያ አስረዳለሁ። ገንዘባችሁን ዳፎዲል ላይ አውሉት። ቱሊፕን ለአንድ ዓመት ድግስ እንደሚገዛ አበባ ቁጠሩት። ከየትም ግዙ ከየት፣ ከሥዕሉ በፊት የራሱን ውፍረት እዩ።

ከከረጢቱ ልጀምር። ከአንድ ትልቅ የመጋዘን ሱቅ ቅልቅል ቀለም ያለው የቱሊፕ ከረጢት ገዝቼ ነበር፣ 50 ራስ የያዘ። ለአንድ ራስ ሲሰላ በጣም ርካሽ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 10/11 ይላል። ይህ ቁጥር በሳንቲሜትር የተለካ የራሱ ዙሪያ ነው። ለቱሊፕ ጥሩ የሚባለው 12ና ከዚያ በላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት በእጅ ሲያዝ ትንሽ ይመስላል፣ በኤፕሪል ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ከረጢት ብዙዎቹ አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ አውጥተው ቀሩ፣ ያበቡትም አበባቸው ትንሽ ነበር። ጥቂቶቹን ደግሞ ገና ከረጢቱን ስከፍት ለስልሰው ስላገኘኋቸው ጥያቸዋለሁ።

ይህ የሆነው ስለተከልኩበት መንገድ አይደለም። የቱሊፕ አበባ የሚሠራው በበጋው ሙቀት፣ ሽንኩርቱ ከመሬት ወጥቶ መጋዘን ውስጥ እያለ ነው። እናንተ ስትገዙት አበባው ውስጡ በጥቃቅኑ ተሠርቶ አልቋል፣ ወይም ራሱ ትንሽ ስለሆነ ጨርሶ የለም። ማዳበሪያ ብታፈሱ፣ ውሃ ብታጠጡ ያ ዓመት አይቀየርም። ለዚህ ነው መጠኑን እዩ እያልኩ የምወተውተው። ከረጢቱ መጠን ካልጻፈ እኔ አልገዛም።

አንዳንድ ሰው ከረጢቱ ላይ ሆላንድ የሚለውን አይቶ ይተማመናል። ግን ርካሹም ውዱም አብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ከኔዘርላንድስ ነው። ልዩነቱ መጠኑና ከመጣ በኋላ ያለው አያያዝ ላይ ነው። ሞቃት ሱቅ ውስጥ ለሳምንታት የተቀመጠ ሽንኩርት ይደርቃል። የምግብ ሱቅ ውስጥ ከፖምና ከሙዝ አጠገብ የተደረደረ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ውስጡ ያለውን ጽንስ አበባ ይገድለዋል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ስለዚህ ከፍራፍሬ ጎን የቆመ የቱሊፕ መደርደሪያ ካያችሁ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም እለፉት።

የሰፈር ችግኝ ቤት ይሻላል፣ ምክንያቱም ሽንኩርቱ በሣጥን ልቅ ሆኖ ስለሚሸጥ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ወጥ ሽንኩርት እንደምትመርጡት ነው፣ ጠንካራና ከበድ የሚል ያዙ። ጫን ሲሉት የሚሰረጉድ፣ ከሥሩ በኩል የለሰለሰ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ይቅር። ልጣጩ ቢቀደድ ችግር የለውም። ከላይ ትንሽ ሰማያዊ ሻጋታ ቢኖርበትም ራሱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ይጠረግና ይተከላል። ዋጋው ከከረጢቱ ይወደዳል፣ ግን ከተከላችሁት ውስጥ የሚያብበውን ስትቆጥሩ ይህኛው ይረክሳል።

በኢንተርኔት ማዘዝ ምርጫው ሰፊ ነው። እዚሁ ቅርባችን ግሎስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የብሬንት ኤንድ ቤኪስ የቤተሰብ ድርጅት ብዙ ዓይነት ዳፎዲል ይሸጣል፤ የመጋዘን ሱቅ ውስጥ የማታገኙትን ስም እንዲህ ካሉ ሻጮች ታገኛላችሁ። በዚህ መንገድ ስታዝዙ በጊዜ እዘዙ፣ የተፈለገው ዓይነት በበጋው መጨረሻ ሊያልቅ ይችላል። ሲደርሳችሁ ደግሞ ካርቶኑን ወዲያው ከፍታችሁ አየር ስጡት፣ ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶ አይክረም።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። ዳፎዲል! ለእኛ አካባቢ ከዚህ የተሻለ የአበባ ሽንኩርት የለም ብል አላጋነንኩም። አንዴ ይተከላል፣ ዓመት በዓመት ይመለሳል፣ እየቆየም ይበዛል። አጋዘን አይነካውም። ሞንትጎመሪም ሆነ ፌርፋክስ የምትኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሌሊት መጥቶ የቱሊፑን እምቡጥ በሙሉ በልቶት የሚሄድ አጋዘን ብዙ ነው። ሽኮኮም ቆፍሮ አይበላውም። ምክንያቱ ዳፎዲል መርዝ ስላለው ነው፣ ሊኮሪን የሚባል።

ይህ መርዝ እኛንም ይመለከታል። የዳፎዲል ራስ ከወጥ ሽንኩርት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት በኪሎ ሳይሆን በከረጢት ነው የሚገዛው። እባካችሁ እስክትተክሉት ድረስ ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት። አያት ከአገር ቤት መጥታ የከረጢቱን ጽሑፍ ሳታነብ ልትከትፈው ትችላለች። ቢበላ ማስመለስና ከባድ የሆድ ሕመም ያመጣል። ውሻ ያላችሁም ተጠንቀቁ።

ከዳፎዲል ውስጥ የትኛው? ኪንግ አልፍሬድ የሚባለውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ትልቁ ቢጫ መለከት ነው፣ በ1899 የወጣ የድሮ ዝርያ። ዛሬ ከረጢቱ ላይ የምታዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ «የኪንግ አልፍሬድ ዓይነት» ነው፣ ይህም ማለት ሌላ ትልቅ ቢጫ ዝርያ በዚያ ስም ተሸጠ ማለት ነው። አበባው ያምራል፣ ለጓሮ ይበቃል። እኔ ግን ስሙ በግልጽ የተጻፈ ነገር መግዛት ስለምወድ ዳች ማስተርን እመርጣለሁ። ቤት ፊት ለፊት ለጠበበ መደብ ቴት አ ቴት ግዙ፣ አጭር ነው፣ ቶሎ ያብባል፣ ነፋስም ዝናብም አይጥለውም። ነጭ ለምትወዱ ታሊያ አለላችሁ። ከ1916 ጀምሮ የሚሸጥ ዝርያ ነው። አንድ አገዳ ላይ ሁለት ሦስት አበባ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ታሊያን ነው የምመርጠው።

ቱሊፕን አልጠላውም። ማን ይጠላዋል? ግን ለምን በሁለተኛው ዓመት እንደሚጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። የቱሊፕ ትውልድ አገሩ መካከለኛው እስያ ነው፤ ክረምቱ ብርድ፣ በጋው ደረቅ የሆነ ተራራማ አገር። የእኛ በጋ ሙቀት ከዝናብ ጋር ነው፣ አፈሩም ውሃ የሚያቁር ሸክላ። ሽንኩርቱ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ወደ ትናንሽ ራሶች ይከፋፈልና በሚቀጥለው ዓመት ያንን አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ አይመልሱትም። ኔዘርላንድስ ሊሴ ከተማ ያለው ኪውከንሆፍ የሚባል የአበባ ፓርክ 7 ሚሊዮን ያህል ሽንኩርት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይተክላል። ባልቲሞር ውስጥ ጊልፎርድ ሰፈር ያለው ሸርዉድ ጋርደንስ የሚባለው ፓርክም 80,000 ያህል ቱሊፕ በየዓመቱ አዲስ ይተክላል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ራሱ ቆፍሮ በትንሽ ገንዘብ እንዲወስድ ቀን ያወጣል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መግቢያ አይከፈልም። ቆፍሮ የተወሰደው ቱሊፕ ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ቢሆንም ይመለስልን የምትሉ ከሆነ ዳርዊን ሃይብሪድ የሚባለውን ወገን ግዙ፣ ቀይ አፔልዶርን ወይም ፒንክ ኢምፕረሽን። ፀሐይ ያለበት፣ ውሃ የማያቁር ከፍ ያለ መደብ ላይ ከሆነ ጥቂት ዓመት ይቆያሉ። ከዚያ የበለጠ የሚቆየው ትንሹ የዱር ዝርያ ነው፣ ሌዲ ጄን የሚባለው ለምሳሌ፣ ከውጭ ሮዝ ከውስጥ ነጭ። ሥዕሉ ላይ ብዙ አይማርክም፣ መሬት ላይ ግን በጣም ያምራል።

ቱሊፕ የምገዛበት ዋናው ምክንያቴ ፋሲካ ነው። የእኛ ፋሲካ ከዓመት ዓመት ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ በ2026 ኤፕሪል 12 ነው፣ በ2027 ደግሞ ሜይ 2። አንድ ዓይነት ቱሊፕ ሁለቱን አይዝም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ፋሲካ ቀን እዩ። ቶሎ ለሚመጣ ፋሲካ ፑሪሲማ የሚባለው ትልቅ ነጭ ይሆናል፣ ከቀዳሚዎቹ ነው። ለዘገየ ፋሲካ ከረጢቱ ላይ «ዘግይቶ የሚያብብ» የሚለውን ፈልጉ፣ ጥቁር ሐምራዊው ኩዊን ኦቭ ናይት ወይም ፒዮኒ እንደሚባለው አበባ ቅጠሉ የተደራረበው። አየሩ በሳምንት ሊያፈጥነው ወይም ሊያዘገየው ስለሚችል ሁለት ዓይነት ቀላቅሎ መትከል ጥሩ ነው። ከጓሮ ተቆርጦ ዶሮ ወጡ ጎን የሚቀመጥ አበባ ከሱቅ እንደሚገዛው አይደለም፣ እንግዳው ሁሉ ይጠይቃል።

ስለ ትናንሾቹ ባጭሩ። ክሮከስ ርካሽ ነው፣ ከዳፎዲል ይቀድማል፣ ንብ በጣም ይወደዋል። ግን ሽኮኮም ይወደዋል፣ ስለዚህ ቶሚ የሚባለውን ቀጭን ሐምራዊ ዝርያ ግዙ፣ እሱን ብዙ አይደፍሩትም። ሙስካሪ ሰማያዊ ነው፣ ራሱን ያባዛል፣ አጋዘንም አያስቸግረውም፤ ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው። ሃያሲንት ሽታው ቤት ይሞላል፣ ነገር ግን ራሱ ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት አድርጉ። አሊየም፣ ያ እንደ ኳስ የሚከብበው ሐምራዊ፣ የሽንኩርት ዘመድ ስለሆነ አጋዘን ይሸሸዋል፣ ሜይ ላይ ቱሊፑ ሲረግፍ ይተካል። ፐርፕል ሴንሴሽን የሚባለውን ሞክሩ።

አተካከሉ ላይ ብዙ አልልም። ሱቁ በሴፕቴምበር ስላወጣው ብቻ በሴፕቴምበር አትትከሉ፣ አፈሩ ገና ሙቅ ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ታንክስጊቪንግ ድረስ ያለው ጊዜ ለእኛ አካባቢ ጥሩ ነው። ጥልቀቱ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ሹሉ ወደ ላይ። ቱሊፕና ክሮከስ ላይ የዶሮ ሽቦ አንጥፋችሁ አፈር መልሱበት፣ ሽኮኮ ትኩስ የተቆፈረ አፈር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። የአጥንት ዱቄት ጨምሩ የሚል ምክር ካያችሁ ተዉት፣ ሽታው ውሻ ጠርቶ ያስቆፍራል። አበባው ከረገፈ በኋላ ደግሞ ቅጠሉን አትቁረጡ። ቢጫ እስኪሆን ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ አይምርም፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚያበላው እሱ ነው። ሣር የሚያጭድላችሁን ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።

ኮንዶ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በረንዳ ይበቃችኋል። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ማሰሮ ያዙ፣ ቱሊፑ ከታች፣ ሙስካሪው ከላይ ይሁን። ማሰሮው ውስጥ ያለው አፈር ከመሬት ቶሎ ስለሚበርድ ከግድግዳ አስጠግታችሁ አክርሙት። ለማሰሮ ውዱን ትልቅ ራስ ግዙ፣ ቦታው ትንሽ ስለሆነ የማያብብ ራስ የምትታገሱበት ስፍራ የለም።

አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ልላክላቸው ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ቱሊፕን ባትልኩ ይሻላል። ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚዘልቅ የፍሪጅ ያህል ብርድ ይፈልጋል፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ያሞቀዋል። ፍሪጅ ውስጥ አክርሞ ማስበብ ይቻላል፣ ያውም ፍራፍሬ በሌለበት ፍሪጅ፣ ግን አንድ ጊዜ አብቦ ያበቃል። በዚያ ላይ ሥር ያለው ተክል በሻንጣ ማስገባት የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ለእሳቸው አማሪሊስ ይሻላቸዋል። ብርድ አይፈልግም፣ በማሰሮ ይኖራል፣ ዓመት በዓመት ትልልቅ ቀይ አበባ ያወጣል። እዚያው ካሉ ችግኝ ሻጮች ቢጠይቁ ይሻላል፣ ሲገዙም እንደ ቱሊፑ ነው፣ ወፍራሙን ራስ ይምረጡ።