የንክኪ ስክሪን ወይስ ሪሞት?

ጅማ ውስጥ ባለው ቤታችን ሙዚቃ ከኢንተርኔት የሚያጫውት መሣሪያ አለ። ፊቱ የንክኪ ስክሪን ነው፤ ሪሞትም አብሮት መጥቷል።

ዘፈን ፍለጋ ላይ ስክሪኑን የሚያህለው የለም። የአማርኛ ፊደል ከነእርባታው ከ200 በላይ ነው። በሪሞቱ ቀስት ከፊደል ፊደል እየዘለሉ «ትዝታ» ብሎ ለመጻፍ የሞከረ ሰው፣ ከአቦል ጀምሮ በረካ ላይ ቢጨርስ አይገርመኝም። በጣት ሲሆን ግን አፍታ አይፈጅም።

ችግሩ የሚመጣው ቡና ሲታጠብ ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ቡና የማይታጠብበት ሰዓት ጥቂት ነው። ስክሪኑ የሚሠራው ጣት ሲነካው የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለየት ስለሆነ ውኃ ያደናግረዋል። ባለቤቴ በእርጥብ እጇ ድምፅ ልትቀንስ ስትል ዘፈኑን ትቀይረዋለች። ሪሞት ግን በዳበሳ ይሠራል፤ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ድምፅ እጨምራለሁ።

ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። የእኛ ሪሞት የሚልከው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ እንግዳ መሃል ከቆመ ትእዛዙ አይደርስም። በብሉቱዝ የሚሠሩት ከዚህ ተገላግለዋል። ባትሪ ያልቃል፤ ሶፋ ሥር ይጠፋል፤ ልጆች ይደብቁታል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሪሞቱን እይዛለሁ። ዘፈን የምፈልገው በቀን አንዴ ነው፤ ድምፅ የምቀንሰው ግን ስልክ በተደወለና ጎረቤት በገባ ቁጥር ነው።