ሐዋሳ ያለው የበረራ ሲሙሌተር፦ ብልሽት አስጭናችሁ ሞክሩት

ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ፣ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ አንድ ጌም ቤት አለ። ብዙ ሰው የሚሄደው ለፕሌይስቴሽን ኳስ ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ጥግ ላይ ያለውን የበረራ ሲሙሌተር ነው። ለግማሽ ሰዓት 150 ብር ይከፈላል፤ የምር ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ፕሮግራሙ ኤክስ-ፕሌን ነው፣ አውሮፕላኑ ደግሞ ቦይንግ 737-800። ዝም ብሎ ተነስቶ ማረፍ ቶሎ ይሰለቻል። ሲሙሌተሩን የሚያሠራውን ልጅ "ብልሽት ጫንልን" በሉት። ሞተር ማጥፋት ይችላል፤ የካቢኑን የአየር ግፊት ባንዴ ማስለቀቅም ይችላል። ይቺን ሁለተኛዋን እንዳትዘሏት።

እኔ አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። ስለ ብሎን ሳስተምር ሁሌ የማነሳው በፈረንጆቹ 1990 የደረሰውን ነው። ከበርሚንግሃም ወደ ማላጋ ይበር በነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጄት ላይ በካፒቴኑ ፊት ያለው መስታወት አየር ላይ ተነቅሎ ሄደ፤ የካቢኑ ግፊትም ባንዴ ወጣ። ካፒቴኑ ከወገቡ በላይ ውጭ ተንጠለጠለ። የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው አለቀቁም፤ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑን ጨምሮ ሁሉም ተረፉ። መስታወቱ ከበረራው በፊት ገና መቀየሩ ነበር፤ ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ ነበሩ። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም! ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር የሚያዛጋ ተማሪ አይጠፋም። እዚህ ወንበር ላይ ግን ማንም አላዛጋም።

ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ይህንኑ የግፊት ብልሽት አስጫንን፤ 35,000 ጫማ ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አንዷ ተማሪዬ እጇን ወደ መሪው ሰደደች። ልጁ "ማስክ! መጀመሪያ ማስክ!" አላት። ልክ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጅን በቅጡ ማሰብ የሚቻለው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ማስኩ ምስማር ላይ የተሰቀለ የቀለም ቀቢ ማስክ ነው፤ ግን እጅ ቅደም ተከተሉን ይለምዳል። ቀጥሎ ከረዳት አብራሪው ጋር መነጋገር፣ ከዚያ መውረድ። በሬዲዮ "ሜይደይ" ብሎ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማት ከዚህ በኋላ ነው።

መውረዱ ላይ ልጁ ያደረገው ነገር በጣም ነው የገረመኝ። የተለመደው ያለ ማስክ መተንፈስ ወደሚቻልበት ወደ 10,000 ጫማ መውረድ ነው፤ እሱ ግን አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ባሌ ተራሮች ላይ አድርጎታል። 10,000 ጫማ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የባሌው ትልቁ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። ዝም ብላ ብትወርድ ተራራ ትገባለች። "ወደ ሐይቆቹ አዙሪ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ ውረጂ" አላት። አገሩን የሚያውቅ አስተማሪ እንዲህ ነው።

የጎደለውም አለ። የእግር ፔዳል የለም፤ ስለዚህ መሬት ላይ ማዞር አይመችም። ከጎን የሚመጣው የኳስ ጩኸት ማስጠንቀቂያውን ይውጠዋል። ከሁሉም የሚያናድደው ግን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ፣ አለመኖሩ ነው። ለማረፍ ስትቃረቡ መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል፤ ለከፈላችሁትም ማካካሻ የለም። ባለቤቱ ይህን ቢያስተካክል ደስ ይለኛል።

ጠዋት ሂዱ፤ ተማሪ ሳይለቀቅ ጸጥ ይላል። ሁለት ብትሆኑ ይሻላል፤ አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቼክሊስት ያነባል።