የደበዘዘ የፊት መብራት፦ ማስወልወል፣ ኪት ወይስ አዲስ?

የቆየ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው ሰው «ማታ መንገዱ አይታየኝም» ሲል ፈጥኖ የሚሰጠው ምክር «ኤልኢዲ አምፖል ግዛ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው አምፖሉ ሳይሆን ሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ከፋብሪካ የሚወጣው ክሊር የሚባል፣ ከፀሐይ የሚከላከል ስስና ቀለም አልባ ቅብ ተቀብቶ ነው። ክሊሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተሰነጣጥቆ መላጥ ሲጀምር ፕላስቲኩ ይጋለጥና ቢጫ ይሆናል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ደጅ ውሎ ደጅ ለሚያድር መኪና ይህ ቶሎ ይመጣል።

ገንዘብ ሳታወጡ ሽፋኑን በውኃ አርጥቡትና እዩት። ሲረጥብ ከጠራ ችግሩ በውጭ በኩል ስለሆነ ተሞርዶ ይስተካከላል። እርጥብ ሆኖም ከደበዘዘ ወይ ጉሙ ውስጥ ነው፣ ወይ ፕላስቲኩ በጥልቀት ተሰነጣጥቋል፤ ከውጭ ቢፈገፈግ ለውጥ የለውም። ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን ብርማ አንጸባራቂም በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። ግራጫ ከሆነ ወይም ከተቃጠለ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። በጨርቅ ልጥረገው እንዳትሉ፣ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ ከጨርቁ ጋር ይወጣል።

በየመኪና እጥበቱ የሚሠራው ማስወልወል ርካሽና ፈጣን ነው። ጥርስ ሳሙናም ሆነ የቀለም ኮምፓውንድ ሥራቸው አንድ ነው፤ የላዩን ቢጫ ይፍቁታል፣ መኪናውም አምሮ ይወጣል። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተፋቀውን ክሊር የሚተካ ነገር ስለማይቀባ ፕላስቲኩ ራቁቱን ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ቢጫው ይመለሳል። ለቦሎ ምርመራ ለመድረስ ይበቃ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። በአሴቶን ወይም በቤንዚን ነክሮ የሚወለውል ካጋጠማችሁ ግን አስቁሙት። ፖሊካርቦኔት እነዚህን አይችልም፤ መጀመሪያ ያብለጨልጭና ኋላ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ይሞላል፣ ያንን ደግሞ የሚያድን የለም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ የሲልቫኒያ ኪት (የመብራት ማደሻ ዕቃዎች በአንድ ላይ የሚሸጡበት) ቢያመጣላችሁ ያዋጣል። 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ማዘጋጃ ፈሳሽ፣ ኮምፓውንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ክሊር አለው። የስሪኤም (3M) መሠረታዊ ኪት በድሪል የሚዞሩ የ500፣ የ800 እና የ3000 ዲስኮች ስላሉት እጅ አያደክምም፤ ግን ክሊሩን ለብቻ መፈለግ ይጠይቃል። ሲልቫኒያውን የምናስቀድመው ለዚሁ ነው።

በሥራው ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ በ400ው ነው። ዙሪያውን ያለውን የመኪና ቀለም በማስኪንግ ቴፕ ድርብ አድርጋችሁ ከሸፈናችሁ በኋላ ውኃ ሳይቋረጥ ሞርዱ። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ቢጫ ነው፤ ወተት ሲመስል አሮጌው ክሊር ለቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ በሙሉ እኩል ነጭ ሆኖ ስለሚደበዝዝ ብዙ ሰው «አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጥና ወደ 1000ው ይዘላል። ጠርዝ ላይ የተረፈው አሮጌ ክሊር ታዲያ ከአዲሱ ሥር ይነሳና ይዞት ይላጣል። 1000ውን ከ400ው አቅጣጫ አቋርጣችሁ ሂዱ፤ የ400ው ጭረት እስኪጠፋ አትለፉ። ከዚያ 2000፣ ቀጥሎ ኮምፓውንድ። ክሊሩ ጥላ ሥር፣ አቧራ በሌለበት፣ በደረቀ ሽፋን ላይ ይቀባል፤ ከአንድ ጠርዝ እስከ ሌላው በአንድ ስበት፣ ወደ ኋላ ሳትመለሱ። ለ24 ሰዓት ውኃ አይንካው።

ኪቱ ከሌለ የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጠው፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ክሊር ከኪቱም ክሊር የበለጠ ይቆያል። በ1000 ቁጥር አቁማችሁ ቀለም ቀቢ ይርጨው፣ የቀረውን ጭረት ክሊሩ ይሞላዋል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ለሳንባ ጎጂ ኬሚካል ስላለበት ተራ የአቧራ ማስክ አይበቃም።

መቀየር የግድ ከሆነ ሶማሌ ተራ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፦ አዲስ የታይዋን ሥራ፣ ለምሳሌ ዴፖ ወይም ቲዋይሲ፣ እና ከጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ኦሪጅናል። ሻጩ ኦሪጅናሉን ያሞግሳል፤ ፕላስቲኩም ሆነ ብሎን መግቢያ ጆሮዎቹ በእርግጥ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ጃፓን በግራ ስለሚነዳ የዚያ መብራት አጭሩ ብርሃን በግራ በኩል ከፍ ይላል፤ እኛ ጋ ይህ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የራሳችሁን የቀኝ ዳር፣ እግረኛው የሚሄድበትን፣ ጨለማ ያደርጋል። ብሎን በማዞር አይስተካከልም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም ይህን መብራት እንደያዙ ሊሄዱ ይችላሉ። በክብ ውስጥ የኢ (E) ምልክት ባለበት መብራት ላይ፣ ከፊት ለፊቱ ቆማችሁ ስታዩት ወደ ቀኝ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለው የግራ መንገድ ዕቃ ነው፣ ተዉት። ለእኛ መንገድ የተሠራ የታይዋን መብራት ከዚያ ይሻላል፤ ስትገዙ ማስተካከያ ብሎኖቹ ሳይንሸራተቱ መዞራቸውን፣ ኋላ ያለው የጎማ ሽፋንም አብሮ መኖሩን እዩ። ያ ጎማ ከሌለ አቧራና እርጥበት ይገባል።

አዲስ መብራት ገብቶም ብርሃኑ ቀላ ካለ ወደ ሽቦው ሂዱ። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ በአምፖሉ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የዛገ መሬት (ኔጋቲቩ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት)፣ የላላ ሶኬት ወይም የደከመ ማብሪያ አለ። ሃሎጅን አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ከብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ያጣል። መፍትሔው ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ቀጥታ መስመር መሳብ ነው። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ማብሪያቸው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን መሬቱን ስለሆነ ኤሌክትሪሻኑ ይህን ሳያጣራ ተራ የሪሌ መስመር ቢያስገባ ረጅምና አጭሩ ይዘባረቃል።

አምፖሉ ኤች4 (ረጅሙም አጭሩም ብርሃን በአንድ አምፖል ውስጥ ያለበት ዓይነት) ከሆነ 60/55 ዋት ይበቃል። 100/90 ዋት የሚባለው ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውንም ያቃጥላል። ለሃሎጅን በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ የሚገባ ኤልኢዲ ደግሞ ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ በሃሎጅኑ አምፖል ውስጥ ካለው የሚግል ሽቦ ቦታ ጋር ካልገጠመ ይበተናል፤ ከአፍንጫችሁ ሥር ያለውን አስፋልት ያበራል፣ ራቅ ያለውን አያሳይም። ሁለቱን አምፖል አብራችሁ ቀይሩ፣ መስታወቱን በጣት አትንኩ።

በመጨረሻ ማነጣጠር፦ ጎማው ተነፍቶ፣ ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋችሁ የአጭሩ ብርሃን ጠርዝ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ብሎኑን አዙሩ። ከፍ የሚለው ጎን በቀኝ መሆን አለበት።