የውርስ ጉዳያችንን የያዘው የባሕር ዳር የሕግ ቢሮ፦ ምክሩ ግሩም፣ ክትትሉ ግን…

ምክራቸውን ወድጄዋለሁ፣ ክትትላቸውን አልወደድኩትም። አስቀድሜ የምናገረው እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው ስለሚበዛ ነው። የቢሮውን ስም አልጽፍም። በእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ተነስቼ የሰው እንጀራ ውስጥ መግባት አልፈልግም። መሀል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው ብያችሁ ልለፍ። እንዲህ ዓይነት ቢሮ ስትገቡ ምን እንደምታገኙና የት ላይ ዓይናችሁን መግለጥ እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይበቃል።

ጉዳዩ ይኸውላችሁ። አባታችን አምና አረፉ። ሽምብጥ በኩል አንድ ቤት፣ ባንክ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ፣ ጣና ላይ ዓሣ የሚጠመድባት አንድ የሞተር ጀልባ፣ መሸንቲ በኩል ደግሞ ከአያታችን የመጣ እርሻ ትተዋል። ኑዛዜ የሚባል አንድ ወረቀትም አለ። ከእማዬ የተወለድነው አራት ነን። ዘጌ ደግሞ ከሌላ የወለዷት እህት አለችን። መኖሯን ሁላችንም እናውቃለን፣ የውርስ ወሬ ሲነሳ ግን ስሟን የሚጠራ አልነበረም።

ለቅሶ ቤት መቼም ሁሉም ጠበቃ ነው። አንዱ «ሚስት ሁሉን ትወርሳለች» ይላል፣ ሌላው «የበኩር ልጅ እጥፍ ነው» ይላል፣ የዕድራችን ዳኛ ደግሞ «ኑዛዜ ካለ አለቀ!» ብለው ይዘጉታል። አርባው ሳይወጣ ወንድም ጋሼና ታናሽ እህቴ ሰላምታ አቁመው ነበር። ቢሮው የሄድነው ለመካሰስ አይደለም፤ ማን ልክ እንደሆነ የሚነግረን ሰው ፍለጋ ነው።

የምክር ዋጋ 800 ብር ነው፣ አንድ ሰው ቢመጣም ቤተሰቡ በሙሉ ቢመጣም ያው ነው። ይህን ወደድኩላቸው። ጠበቃዋ ወጣት ናት። ወንድም ጋሼ ገና ሲያያት ፊቱ ጠቆረ፣ ሽበት ጠብቆ ነበር መሰለኝ።

ኑዛዜውን ብንዘረጋላትም መጀመሪያ አላየችውም። ወደ እማዬ ዞረችና «እማማ፣ ቤቱ የተሠራው ከጋብቻችሁ በፊት ነው በኋላ?» አለቻት። በኋላ ነው። ጀልባዋስ? እሷም በኋላ። የባንኩ ገንዘብስ? ያው። አንድ ነጭ ወረቀት ሳበችና መሀል ለመሀል አሰመረችበት። በሁለቱም በኩል «ቤት፣ ጀልባ፣ ባንክ» ብላ ጻፈች። «ግራው የእማማ ነው። ውርስ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። እናንተ የምትነጋገሩት ስለ ቀኙ ብቻ ነው።» ጠብ የተነሳው ስለ ሙሉው ቤት ነበር እኮ! ግማሹ መጀመሪያውኑ የክርክር ዕቃ አልነበረም።

እማዬ ታዲያ «ከቀኙስ ለእኔ ምን አለኝ?» ብላ ጠየቀች። «ኑዛዜ ካልሰጠዎት የለዎትም እማማ» አለቻት፣ ሳትሸፋፍን። እዚህ ላይ ሁላችንም ደነገጥን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፣ እኩል በእኩል፤ ወንድ ሴት፣ በኩር ታናሽ የለም። ከእነሱ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ ልጆቹ በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ወላጆች ይመጣሉ። ባል ወይም ሚስት ግን በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሉም። የሚስት መብት የሚመጣው በጋብቻ በኩል ነው፣ የጋራ ሀብቱን ግማሽ ትወስዳለች። በእኛ ክልል ይህን የሚገዛው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። ባል ለሚስቱ ከራሱ ድርሻ እንዲጨመርላት ከፈለገ በኑዛዜ መስጠት አለበት። ይህን የማያውቅ ስንት አባወራ አለ መሰላችሁ!

ከዚያ ወረቀቱን አነሳች። ከደብተር የተገነጠለ ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ ማጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። የጻፈው ጎረቤታችን ነው፣ አባታችን እየነገሩት። ቤቱን ለወንድም ጋሼ ይላል። ጠበቃዋ ጀርባውን ገልብጣ አየች፣ መልሳ ገለበጠች፣ በእርሳሷ ጫፍ የጣት አሻራዎቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «አራተኛው ምስክር የታለ?» አራተኛው ሰውዬ በዕለቱ ገበያ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ሊፈርም፣ በዚያው ቀረ።

ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ሰው የሚጽፈው፣ በግልጽ የሚደረግ የሚባለው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881 ነው፣ ማየት ለሚፈልግ። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ያዥ) ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። የእኛ ወረቀት ምስክር ጎድሎታል፣ መነበቡም አልተጻፈበትም። አባታችን ራሳቸው በእጃቸው ጽፈውት ቢሆን ምስክር ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ሙሉውን በራስ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ማስፈር፣ ቀን መጻፍና በየገጹ መፈረም ይበቃል። እሱም ቢሆን በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ውድቅ ይሆናል። እና ሳጥን ውስጥ የቆለፋችሁትን ኑዛዜ እስቲ አውጥታችሁ ቀኑን እዩት።

ወንድም ጋሼ ብድግ አለ። «አባቴ ያሉትን ነው የምትሽሪው?» አላት። እሷ ድምፅዋን እንኳ አልለወጠችም። «ሁላችሁም ከተስማማችሁ አባታችሁ እንዳሉት አድርጉት፣ የሚከለክላችሁ የለም። ያልተስማማ ሰው ካለ ግን ይህ ወረቀት አያስገድደውም።» 800 ብሩ ለዚህች መልስ ብቻ ሲያንስ ነው።

የጀልባዋ ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። አባታችን ሆስፒታል ተኝተው «ጀልባዋን ለታናሹ» ብለዋል፣ እማዬና አጎቴ ሰምተዋል። ሁለት ሰው ሰምቷል ማለት የቃል ኑዛዜ ነው፣ ሕጉም ያውቀዋል፤ ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክር ሊናዘዝ ይችላል። ግን በቃል የሚሰጥ ስጦታ እያንዳንዱ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም! ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር፣ ዛሬ የሞተሯን ነዳጅ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ አስቡት። ደግሞ ተናዛዡ ድኖ 3 ወር ከኖረ የቃሉ ኑዛዜ ቀሪ ነው። እዚህ ላይ እንኳ አልተጣላንም፣ ጀልባዋ ለታናሻችን ትሁን ተባባልን፣ ጠበቃዋም በስምምነቱ ውስጥ አስገባችው።

የዘጌዋን እህታችንን ያነሳችው ጠበቃዋ ራሷ ናት። «ሌላ ልጅ አለ?» ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። እማዬ ነች «አለች» ያለችው። ከጋብቻ ውጭ መወለድ በሕጉ ድርሻ አያሳንስም፣ አምስተኛዋ ወራሽ ናት። ብንደብቃትስ ብሎ ከእኛ አንዱ (ማን እንደሆነ አልናገርም) መጠየቁ አልቀረም። መልሷ አጭር ነበር፦ በሐሰት ቃለ መሐላ ትጠየቃላችሁ፣ የወራሽነት ማስረጃውንም ታሰርዘዋለች። መብቷንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀችበት ጊዜ አንሥቶ ለመክሰስ 3 ዓመት አላት፣ ይርጋው (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) የሚቆጠረው እንደዚያ ነው። በሳምንቱ ዘጌ ሄደን አመጣናት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ወንድም ጋሼ የተዝካሩን ወጪ በዝርዝር ጽፎ መጥቶ ነበር፤ በሬው፣ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ የድንኳን ኪራዩ ሳይቀር፣ ከውርሱ ላይ ይቀነስልኝ ብሎ። የቀብር ወጪ ከውርሱ ሀብት ከሁሉም ዕዳ ቀድሞ የሚከፈል ነው። ተዝካር ግን የቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። እንዴ፣ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ይህንንም አስበውበታል! ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ስለ እርሻው «እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» አለችን፣ ተጨማሪ ብርም አልጠየቀችም። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፣ የሚመራውም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ስለዚህ የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሂዱ ብላ ሸኘችን። የማያውቁትን ወይም የማይሠሩትን ነገር እንሠራለን ብለው የሚያንከራትቱ ስላሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ብጨርሰው ከአምስት አምስት በሰጠሁ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከምክሩ ክፍል ስትወጡ ነው።

የወራሽነት ማስረጃ ማመልከቻውን እነሱ እንዲያቀርቡልን ተስማማን። ዋጋውን ስንጠይቅ «እሱ አያጣላንም» ተባልን። አጣላን። መጨረሻ ላይ የተጠራው ብር ካሰብነው በላይ ነበር፣ ደረሰኝም ያገኘነው ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው። እዚያ ስትሄዱ ከመጀመር በፊት ዋጋውን በጽሑፍ አስደርጉ፣ የቱ የዳኝነት ክፍያ የቱ የጠበቃ እንደሆነ ተለይቶ።

ሁለተኛው፣ ስልክ። ጠበቃዋ ችሎት ስለምትውል አታነሳም፣ ይገባኛል። ረዳቱ ግን ቢሮ ተቀምጦ አያነሳም። ቀጠሯችን መለወጡን የሰማነው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው፣ እማዬን በባጃጅ ይዘን ከሄድን በኋላ።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰው ነው። በቤቱ ካርታ ላይ የአባታችን ስም በ«ኃ» ነው የተጻፈው። ረዳቱ ማመልከቻውን ሲጽፍ በ«ሀ» አደረገው፣ ማስረጃውም እንደዚያው ወጣ። ስመ ሀብት ልናዛውር ስንሄድ «ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አስረዱ» ተባልን። ለአንዲት ፊደል እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ምስክር፣ እንደገና ቀጠሮ። ቢሮው እርማቱን ያለ ክፍያ ሠርቶልናል፣ እሱን አልክድም፣ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አልሰማንም።

ደረጃውንም ልናገር። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። የውርስ ጉዳይ ይዞ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ጉልበቱን የሚያመው ነው። እማዬን ሁለት ቦታ አሳርፈን ነው ያወጣናት።

ሌላ አማራጭስ? ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች (ማመልከቻ የሚጽፉት) በጣም ይረክሳሉ፣ ይፈጥናሉም። ወራሾቹ ተስማምተው፣ ኑዛዜ ሳይኖር፣ ማስረጃ ብቻ ለማውጣት ከሆነ እነሱ ይበቃሉ፤ ጠብ ካለ ግን ምክር ከእነሱ አትጠብቁ። መክፈል ለማይችል ሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቁ። የትም ብትሄዱ የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት ቀድማችሁ አውጡ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የካርታ ኮፒና የባንክ ደብተር ያዙ፣ ዋናውን ለማንም ጥላችሁ አትምጡ። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት እረፍት ስለሆነ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር አይንቀሳቀስም።

እማዬ በዚያው ሰሞን የራሷን ኑዛዜ እዚያው ቢሮ አደረገች። አራት ምስክር፣ አንዱም ከእሷ ምንም የማያገኝ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦ። የሰጠችው ከግራው በኩል ያለውን ግማሿን ብቻ ነው፣ ምን ለማን እንዳለች አልጠየቅናትም። በፈለገች ጊዜ ልትሽረው ወይም ልትለውጠው ስለምትችል፣ ያን ቀን ከመጣ ወደዚያችው ጠበቃ ነው የምንወስዳት። የሚተየበውን ወረቀት ግን ከመፈረሟ በፊት እኔ ራሴ ከመታወቂያዋ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረዋለሁ።